ለመጀመሪያ ጊዜ ሜካኒካል ኪቦርድ ልገዛ ነው፤ የትኛው ይሻለኛል?

ሰናይት፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ትርጉም ስለሆነ ቀኑን ሙሉ በአማርኛ ስጽፍ እውላለሁ። የላፕቶፔ ኪቦርድ ጣቶቼን እያደከመኝ ነው። እህቴ ለፋሲካ ከዱባይ ትመጣለችና አንድ ሜካኒካል አይታልኛለች። ባለ 61 ቁልፍ ነው፣ ስዊቹ (ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ያለው መጫኛ) ሰማያዊ፣ መብራትም አለው። ቁልፎቹ ላይ ግን የአማርኛ ፊደል የለም። ቢሮ የምሠራው ከሌሎች ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ይሆነኛል?

ዮናስ፦ ስለ ፊደሉ አታስቢ። አማርኛውን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። ኪማን በተባለው የመጻፊያ ፕሮግራምም ጻፊ በዊንዶውሱ በራሱ፣ አዲሱን ስትሰኪው እንደ ድሮው ይቀጥላል። ሰማያዊውን ግን ተዪው። በተጫንሽ ቁጥር ቀጭ እንዲል ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ለጋራ ክፍል በፍጹም አልመክርም።

ሄለን፦ የቀለሞቹ ስያሜ የመጣው ቼሪ ከተባለው የጀርመን ኩባንያ ነው፤ ሌሎችም አምራቾች በብዛት ይከተሉታል። ቀዩ ያለ ምንም እንቅፋት ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ቡናማው መሃል ላይ ትንሽ እምቢ ይልና ይለቃል። ሰማያዊው ያንኑ እያደረገ ድምፅ ይጨምራል።

እኔ ለአንቺ ቀዩን ነው የምለው። አማርኛ ብዙ ያስጫናል። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፣ በላቲን ቁልፎች ስንጽፈው ግን 5 ጊዜ እንጫናለን። ቀኑን ሙሉ ሲደማመር የስዊቹ ክብደት ይሰማል። የቼሪ ቀይ 45 ግራም ገደማ ግፊት ይበቃዋል፤ ከሰማያዊው ይቀላል።

ቢኒያም፦ በቀዩ አልስማማም፣ ሄለን። ከላፕቶፕ ለሚመጣ ሰው በጣም ስስ ነው። ጣት ሲያርፍበት ሳይታሰብ ይጫንና ስህተት ይበዛል። ቡናማው ይሻላታል።

ከቀለሙ በላይ ግን እኔን ያሳሰበኝ መጠኑ ነው። ባለ 61 ቁልፍ ሲሆን ቀስቶቹ የሉም። ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉትም የሉም። ዲሊትም ለብቻው የለም። እነዚህን የምታገኚው ኤፍኤን (Fn) የተባለውን ቁልፍ ይዘሽ ሌላ ቁልፍ በመጫን ነው። ተርጓሚ ደግሞ ከመጻፉ ማረሙ ይበዛበታል፤ ቀስት ሳይነካ የሚያልፍ ዓረፍተ ነገር የለም። ለጠ፣ ለጨ፣ ለኘ ሺፍት ትይዣለሽ፤ ለማረምም ሌላ ቁልፍ መያዝ ከተጨመረ እጅሽ አያርፍም። ባለ 87 ቁልፍ ፈልጊ። ከትልቁ ኪቦርድ የሚቀርበት በስተቀኝ ያለው የቁጥር ሰሌዳ ብቻ ነው።

ወይዘሮ አልማዝ፦ ልጄ፣ እኔ በጽሕፈት መኪና ዘመን ታይፒስት ነበርኩ። የምትገዢው የቱንም ይሁን፣ አትደብድቢው። የእኛ መኪና ጉልበት ይፈልግ ነበር፤ ይሄ አይፈልግም። የልጄን ሳየው ቁልፉ እስከ ታች 4 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፣ ፊደሉ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይወጣል። እስከ ወለሉ ካልመታሽው ጣትሽም ያርፋል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ቁመቱ ከላፕቶፑ ከፍ ይላልና የኋላ እግሮቹን አትዘርጊ። ከፊቱም የታጠፈ ፎጣ አድርጊለት፤ አንጓሽ ወደ ላይ እንዳይቀለበስ።

ሰናይት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እትዬ አልማዝ። ሁላችሁም ተባረኩ። እንግዲህ 87 ይሁን። በቀይና በቡናማ መካከል ግን አሁንም አልቆረጥኩም፤ ሳልሞክር እንዴት ልወስን?

ሄለን፦ እንግዲያው ሆት ስዋፕ የሆነውን ታምጣልሽ። ስዊቾቹ ሳይበየዱ ተነቅለው በሌላ ይተካሉ። ቡናማ ያለበትን ገዝታ ጥቂት ቀይ ስዊቾች ለብቻ ትጨምርልሽ። የተወሰኑ ፊደሎች ላይ ብቻ ቀዩን ሰክተሽ ለተወሰነ ጊዜ ጻፊበት። መንቀያው አብሮ መኖሩን ትጠይቅ።

ቢኒያም፦ በዚህስ እስማማለሁ። ስትነቅዪ ቀጥ አድርገሽ ነው፤ ስትመልሺም ሁለቱ እግሮቹ እንዳይታጠፉ አይተሽ።

ዮናስ፦ አንድ ነገር ልጨምር። እህትሽ ዱባይ እያለች ኮምፒውተር ላይ ሰክታ እያንዳንዱን ቁልፍ ትሞክረው። አንድ ጊዜ ተጭና ሁለት ፊደል የሚያወጣ ካገኘች እዚያው ትቀይረው፤ ከመጣ በኋላ መመለስ አስቸጋሪ ነው።