ውኃው ይቅደም ወይስ ፍሳሹ? የሜልቦርን ክርክር

አወያይ፦ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በነበረችው የአውስትራሊያ ከተማ ሜልቦርን የያን ዪን ግድብ ውኃ በቧንቧ የገባው በ1857 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው)። የፍሳሽ መስመሯ ሥራ የጀመረው ግን በ1897። ውኃውን ብቻ ማስቀደማቸው ልክ ነበር?

ሙግት ወዳድ፦ በፍጹም! ቤት የገባ ውኃ መውጫ ይፈልጋል። እዚያ የወጣው በመንገድ ዳር ባለ ክፍት ቦይ፣ የኩሽናውንና የመኝታ ቤቱን እድፍ ይዞ፣ ወደ ያራ ወንዝ ነው። በ1880ዎቹ ታይፎይድ ሲያስጨንቃት ከዓለም ሀብታም ከተሞች አንዷ ነበረች። ገንዘብ አጣን አይሉንም።

የቧንቧ ሰው፦ ወንድሜ፣ በ1880ዎቹ ሚዛን የግድቡን ሥራ መጀመሪያ፣ 1853ን፣ አትመዝን። በ1851 ወርቅ ተገኘ፣ ሰው ጎረፈ፣ የሚጠጣውም ከዚያው ከያራ ተቀድቶ በጋሪ የሚሸጥ ውኃ ነበር። ጄምስ ብላክበርን፣ ተፈርዶበት ወደ ታዝማኒያ የተጋዘና በኋላ ምሕረት ያገኘ መሐንዲስ፣ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ከፍ ካለ ቦታ የፕሌንቲን ወንዝ ጠልፎ በስበት ብቻ እንዲወርድ አቀደ። ፓምፕ የለ፣ ከሰል የለ። ሰውየው ውኃውን ሳያይ በ1854 ሞተ። ይህን ሥራ እንዴት ስህተት ትለዋለህ?

ሙግት ወዳድ፦ ግድቡን ማን ነቀፈ? በ1853 የተሾመው ኮሚሽን ስሙ ራሱ «የፍሳሽና የውኃ አቅርቦት» ነበር እኮ። ግማሹን ሠርተው ግማሹን ረሱት።

ከፉትስክሬይ፦ ለእኛ ሰፈር ቅርብ የሆነው የስፖትስዉድ የፍሳሽ ፓምፕ ጣቢያ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ ሄዳችሁ እዩት። ደግሞም የያን ዪን ውኃ ያን ያህል አይወደስ። ከግድቡ በላይ እርሻና መንደር ስለነበር ሕዝቡ በቀለሙና በጠረኑ ሲያማርር ኖሯል። የተሻለው በ1880ዎቹ፣ ንጹሕ ጅረቶች ከተራራው ማዶ ሲጠለፉ ነው። ፍሳሹን ያዘገየው ግን ቅደም ተከተሉ አይመስለኝም። ከተማዋ በብዙ ትናንሽ ማዘጋጃ ቤቶች ተከፋፍላ ነበር፤ የጋራ ቦርድ ሥራ የጀመረው በ1891 ነው። የማን ቆሻሻ በማን ሰፈር ይለፍ? ማን ይክፈል? ጭቅጭቁ እሱ ነበር።

የቧንቧ ሰው፦ ይኸው! ለንደን ራሷ እኮ በ1858 በቴምዝ ግማት ፓርላማዋ መቀመጥ አቅቶት ነበር። ቅኝ ግዛቷ ከእናት አገሯ እንድትቀድም ነው የምትፈልገው?

ሙግት ወዳድ፦ ለንደን በዓመቱ መቆፈር ጀመረች። ሜልቦርን ይህን እያየች ሌላ አርባ ዓመት ገደማ በሰገራ ባልዲና ባልዲውን በሌሊት በሚያነሣ ጋሪ ኖረች። እስቲ ይህን መልሱልኝ።