የፈረሰን ባሮክ ቤተ ክርስቲያን እንደነበረ መመለስ ቅጂ መሥራት ነው?

ቅስት

ሰላም ለሁላችሁ። የአርክቴክቸር ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን በጣሊያኗ ደሴት በሲሲሊ በምትገኘው የኖቶ ከተማ ካቴድራል ላይ እየሠራሁ ነው፤ አንድ ጥያቄ ግን እንቅልፍ ነሥቶኛል።

ታሪኩን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1693 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አሮጌዋ ኖቶ እንዳልነበረች ሆነች። በደቡብ ምሥራቅ ሲሲሊ 60,000 ያህል ሰው አለቀ ይባላል። የተረፉት ሰዎች ፍርስራሹን ትተው ኪሎ ሜትሮች ርቀው አዲስ ከተማ ቆረቆሩ። ዛሬ የምናያት ባሮክ ኖቶ (ባሮክ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ የተስፋፋ፣ ጌጥ የበዛበት የሕንፃ አሠራር ነው) ያቺ ናት፤ ካቴድራሉም የዚያ ዘመን ልጅ ነው። ከዚያ ዲሴምበር 13 ቀን 1990 ሌላ መንቀጥቀጥ መጣ። ካቴድራሉ ተጎዳ እንጂ አልወደቀም። ከአምስት ዓመት በላይ እንደዚያው ቆይቶ ማርች 13 ቀን 1996 ማታ፣ መሬት ንቅንቅ ሳትል፣ የቀኝ ዓምዶቹ ከነጣሪያው ተናዱ፤ ጉልላቱም አብዛኛው ወረደ። ደግነቱ ውስጡ ሰው አልነበረም። ተሠርቶ በ2007 ተከፈተ።

አሁን ፎቶውን ሳየው ከድሮው አይለይም። መምህሬ «ይሄ ቅጂ ነው» አለኝ። እውነት ቅጂ ነው? ሌላው ደግሞ፣ ያልወደቁትን የግራ ዓምዶች ጭምር አፍርሰው እንደገና ሠርተዋቸዋል። ቆሞ የተረፈን ነገር ማፍረስ ለእኔ ግፍ ነው የሚመስለኝ። የምታውቁ አስረዱኝ።

ግንበኛው

እህቴ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ የቆዩ የድንጋይ ሕንፃዎችን በመጠገን ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ፤ የኖቶን ነገር ደግሞ ልቤ እስኪደማ ነው ያነበብኩት።

መጀመሪያ ለምን እንደወደቀ ይግባሽ፣ የቀረው ሁሉ ከዚያ ይመጣል። ከውጭ ስታዪው ዓምዱ በሙሉ ጥርብ ድንጋይ ነው የሚመስለው። ግን ጥርቡ ቅርፊት ብቻ ነበር። መሐሉ የወንዝ ጠጠርና ስብርባሪ ድንጋይ በደካማ የኖራ ጭቃ ተሞልቶ ነው የቆመው። የወንዝ ጠጠር ደግሞ ታውቂዋለሽ፣ ክብ ነው፣ ልስልስ ነው፣ እርስ በርሱ አይነካከስም። ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን ይሸሻል፤ ሲሸሽ ቅርፊቱን ይገፋል። ይሄ ነገር በአንድ ቀን አይሆንም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀጥ ያሉ ስንጥቆች ቀስ እያሉ ይከፈታሉ፣ ላያቸው ላይ ወፍራም ልስን ስላለ ማንም አያያቸውም።

በዚህ ላይ በ1950ዎቹ የድሮውን የእንጨት ጣሪያ አንሥተው በኮንክሪትና በሸክላ ብሎክ የተሠራ ከባድ ጣሪያ ጫኑበት። ያኔ ይሄ እንደ ማጠናከሪያ ነበር የሚታየው፤ ብዙ አገር ብዙ ሰው አድርጎታል፣ ክፋት አልነበረበትም። ግን ለደከመ ዓምድ ተጨማሪ ሸክም ነው። የ1990ው መንቀጥቀጥ የቀረውን ጨረሰው። በ1996 የሆነው የዘገየ ሞት ነው።

የግራ ዓምዶቹን ለምን አፈረሱ ላልሽው፣ መልሱ እዚያው ነው። የቀኞቹ ወንድሞች ናቸው። በዚያው እጅ፣ በዚያው ጠጠር፣ በዚያው ጭቃ ነው የተሠሩት። ሲመረመሩ እነሱም ውስጥ ውስጡን ተጎድተው ተገኙ። እንግዲህ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? ሕዝብ ከሥራቸው ቁጭ ብሎ እንዲጸልይ ትፈቅጃለሽ? እኔ አልፈቅድም። አንድ ጊዜ ልስን በመዶሻ እጀታ እያንኳኳሁ ስሄድ፣ ደህናው ቦታ ደረቅ አጭር ድምፅ ሰጠኝ፤ አንድ ክንድ ያህል አልፌ ስመታ ግን እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ከውጭ ምንም ልዩነት አልነበረውም፣ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። ልስኑን ስናነሣው እጄ እስከ አንጓዬ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ «ቆሟል» የሚለውን ቃል ብቻውን አላምነውም።

ኖቶ ላይ ያደረጉት፣ ዓምዶቹን ከዳር እስከ ዳር በጥርብ የኖራ ድንጋይ በደንብ አያይዘው መገንባት ነው። ማያያዣውም ኖራ ነው። ቅርጹ የድሮው፣ ሆዱ ግን የተሞላ። ስለዚህ ቅጂ ነው ለማለት ይከብደኛል፤ የድሮዎቹ ግንበኞች ጊዜና ገንዘብ ቢኖራቸው ይሠሩት የነበረውን ነው የሠሩት።

ፍርስራሽ ወዳጅ

ግንበኛው በምህንድስናው ልክ ነህ፣ አልከራከርህም። እኔን የሚያሳስበኝ ትዝታው ነው። በፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን ያለውን የካርሞ ቤተ ክርስቲያን ተመልከቱ። ባሮክ ሳይሆን ጎቲክ (ከባሮክ የቀደመ፣ ሹል ቅስት ያለው አሠራር) ነው፣ ግን ነገሩ አንድ ነው። ኖቬምበር 1 ቀን 1755 መንቀጥቀጡ አፈረሰው። መልሶ ግንባታው ተጀምሮ በ1834 ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ጣሪያ እንደሌለው እንዲቀር ተወሰነ። ዛሬ ቅስቶቹ ሰማዩን ተሸክመው ቆመዋል። እዚያ የገባ ሰው ምን እንደደረሰ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

ኖቶ የገባ ሰው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ አይቶ ይወጣል። ቢያንስ አዲሱ ድንጋይ ከአሮጌው የሚለይበት ምልክት፣ ትንሽ የቀለም ልዩነት ቢሆን እንኳ፣ ጉልህ ሆኖ መታየት ነበረበት ባይ ነኝ።

ባለሻንጣ

እኔ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ኖቶን አይቻታለሁ። አመሻሽ ላይ ነበር የደረስኩት። ድንጋዩ ማር ይመስላል ሲሉ ለማጋነን ይመስለኝ ነበር፤ ጀንበሯ ስታዘቀዝቅ ግን ፊት ለፊቱ በሙሉ ወርቃማ ሆኖ ቀረ፣ ሰዉ ደግሞ ያ ሰፊ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ያወራል፣ ልጆች ይወጣሉ ይወርዳሉ። ውስጡ ተቃራኒው ነው፤ ነጣ ያለ፣ ጸጥ ያለ። ቀና ስትሉ የጉልላቱ ሥዕል አዲስ ነው፣ ከተከፈተ በኋላ በእኛ ዘመን ሰዓሊ የተሣለ። ስለዚህ @ፍርስራሽ ወዳጅ፣ ሁሉን ነገር ደብቀዋል ማለት አይቻልም፤ ቀና ብሎ ላየ ሰው ዘመኑ ተጽፎለታል።

ደግሞ ካርሞ ዛሬ ሙዚየም ነው። የኖቶው መንበረ ጳጳስ ነው፣ ሰው ይጋባበታል፣ የቀብር ጸሎት ይደረግበታል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተዘግቶባቸው የኖሩ ሰዎችን «ለትዝታ ሲባል ፍርስራሹ ይቅር» ማለት ለእኔ በጣም ይከብዳል።

ግንበኛው

@ፍርስራሽ ወዳጅ ያነሣኸው ክርክር የቆየ ነው። የቬኒሱ የቅዱስ ማርቆስ ደወል ግንብ በ1902 ሲናድ «ባለበት፣ እንደነበረ» ብለው ተነሡ፣ በ1912 ጨረሱት። ብዙ ባለሙያ ያኔም ተቃውሟል።

ግን ባሮክን አስቡት። እነዚህ ቤተ ክርስቲያኖች ራሳቸው የመንቀጥቀጥ ልጆች ናቸው። የኖቶው ጉልላት ከ1996 በፊትም በ1780 እና በ1848 ወድቆ ተሠርቷል። እንግዲህ «የመጀመሪያው» የትኛው ነው? ጉልላት በራሱ ክብደት ሲጫን ወገቡ ላይ ይከፈታል፣ መቀነት ይፈልጋል። ሮም የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት እንኳ ሲሰነጠቅ በ1740ዎቹ የብረት ቀለበት ታጥቋል። ያን ማንም ቅጂ አላለውም። ሕንፃ ይታከማል።

ምልክት ይደረግ በሚለው ግን እስማማለሁ። ግንቡ ላይ መሆኑ ግን ግድ አይደለም፤ የትኛው ድንጋይ መቼ እንደገባ ሥዕሉና መዝገቡ በግልጽ ይቀመጥ። ኋላ የሚመጣው ጠጋኝ የሚፈልገው እሱን ነው። የ1950ዎቹ ሰዎች ዓምዱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግር መዝገብ በእጃቸው ቢኖር ያን ጣሪያ የሚጭኑት አይመስለኝም።

ቅስት

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ጽሑፌን ከፊት ለፊቱ ነበር የጀመርኩት፤ አሁን ከዓምዱ ሆድ ልጀምር ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ልስኑን ሳይነኩ ውስጡን ማየት የሚቻልበት መንገድ የለም? በመዶሻ ከማንኳኳት ሌላ ማለቴ ነው።

ግንበኛው

አለ። ድምፅ በግንቡ ውስጥ ልከሽ ከወዲያኛው ወገን እስኪደርስ የወሰደበትን ጊዜ ትለኪያለሽ፤ ባዶ ወይም ልል ሲሆን ይዘገያል። ራዳርም አለ። በቀጭን መሰርሰሪያ ቀዳዳ ከፍቶ ትንሽ ካሜራ ማስገባትም ይቻላል። ሦስቱንም አንድ ላይ እንጂ አንዱን ብቻ አትመኚ። መዶሻውን ግን አትጣዪው፣ የት እንደምትሰረስሪ የሚነግርሽ እሱ ነው።