ውሃ ውስጥ በድምፅ ዳታ መላክ፦ ማሚቶው አሸነፈኝ

ሰላም ወገኖች። የመመረቂያ ፕሮጀክቴ ላይ ከተጣበቅኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። የምታውቁ እስቲ አግዙኝ።

ሬዲዮ ውሃ ውስጥ ብዙም ሳይርቅ ስለሚሞት ዳታውን በድምፅ ነው የምልከው። ሁለት የፒዞ ዲስኮች (ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ፣ ድምፅንም ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ) በሲሊኮን ለብጬ ግቢያችን ያለው የውሃ ታንከር ውስጥ ከተትኳቸው። አንደኛው ዲስክ ዳታውን በቢት፣ ማለትም በ0 እና በ1 ይልካል፦ ቢቱ «0» ሲሆን በ20 ኪሎ ኸርዝ፣ «1» ሲሆን በ22 ኪሎ ኸርዝ ይጮኻል። ፍጥነቱን በሰከንድ 10 ቢት ሳደርገው «ሰላም» የሚለው ቃል ሳይጎድል ይደርሳል። (የእኛ ፊደል እያንዳንዱ 3 ባይት፣ ማለትም 24 ቢት ይበላል። ለሦስት ፊደል 72 ቢት! 7 ሰከንድ ቆሞ መጠበቅ ነው።) ወደ 100 ቢት ሳሳድገው ግን የሚመጣው ዝብርቅርቅ ብቻ ነው።

ቀረጻውን ከፍቼ ሳየው ገባኝ። ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,480 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ታንከሩ ደግሞ 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም የአንዱ ቢት ጭራ ሳይጠፋ ሌላው ይደርስበታል። አምፕሊፋየሩን ብጨምር ማሚቶውም አብሮ ጨመረ።

ጃኑስ የሚባለው የኔቶ የውሃ ውስጥ መገናኛ ስታንዳርድ 13 ጥንድ ፍሪኩዌንሲ እያፈራረቀ ይጠቀማል። የቀደመው ማሚቶ እስኪበርድ በሌላው ይልካል ማለት ነው። ጎበዝ ዘዴ ነው። የኔ ርካሽ ዲስኮች ግን ከ20 እስከ 22 ኪሎ ኸርዝ ካለው ክልል ሲወጡ ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው።

በዚያች ጠባብ ክልል አራት ጥንድ ፍሪኩዌንሲ ባጭቅ ያዋጣል? ወይስ በየቢቱ መሃል ዝምታ ልተው? ጣና ሄደህ ሞክር ያሉኝም አሉ፤ ግን ጣናም ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው፣ ከላይም ከታችም ማሚቶ አያጣም። የሞከረው አለ?