የስልክ ማማ መረጃ በወንድሜ ላይ ማስረጃ ሆኖ ቀረበ፤ ምን እንጠይቅ?

ታናሽ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ በስርቆት ተጠርጥሮ ታስሯል። ዋናው ማስረጃ የስልኩ የጥሪ ዝርዝር ነው፤ ስርቆቱ በተፈጸመበት ሰዓት ስልኩ በአካባቢው ካለ ማማ ጋር ተገናኝቷል ይላል። እሱ ግን በዚያ ሰዓት ራቅ ብሎ በሚገኝ የጓደኛው ቤት እንደነበረ ይናገራል። ንግግሩን አዳምጠውታል ማለት ነው? ማማው የነበረበትን ቦታ በትክክል ያሳያል? ጠበቃችንስ ምን ብሎ ይጠይቅ? እናታችን እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች፤ የምታውቁ እባካችሁ እርዱን።

የኔትወርክ መሐንዲስ፦
አይዞሽ እህቴ። የጥሪ ዝርዝር ውስጥ ድምፅ የለም። ማን ለማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ በየትኛው ሲም ካርድና ቀፎ፣ በየትኛው አንቴና በኩል እንዳለፈ ብቻ ይመዘግባል። ንግግር መጥለፍ ሌላ ሥራ ነው፤ ከተጠለፈ በኋላ የሚደረገውን ጥሪ እንጂ ያለፈውን አይመልስም።

የማማው ጉዳይ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንድ ማማ ብዙውን ጊዜ በሦስት አቅጣጫ አንቴና ይሰቀልበታል፤ እያንዳንዱ 120 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል። በተጨናነቀ ከተማ ሽፋኑ ጥቂት መቶ ሜትር ሊሆን ይችላል፤ በገላጣ መሬት ግን ከአሥር ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስልክ ደግሞ ሁልጊዜ ቅርብ ወዳለው ማማ አይሄድም። ሕንጻ ወይም ኮረብታ ሲጋርደው፣ ወይም ቅርቡ ማማ በተጠቃሚ ሲሞላ፣ ራቅ ካለው ጋር ይገናኛል። ፎቅ ላይ ያለ ስልክማ ምድር ቤት የማይደርስ ምልክት ሊይዝ ይችላል። ዝርዝሩ ስልኩ በዚህ ስፋት ውስጥ ነበረ ይላል እንጂ በዚህ ደጃፍ ነበረ አይልም።

ካርታ ላይ ክብ ስለው ብቻ ካቀረቡ አትቀበሉ። የትኛው አንቴና ነው? ወዴት የዞረ ነው? ሽፋኑን በቦታው ተገኝቶ በመሣሪያ የለካ አለ? መቼ? አንቴና ይዞራል፣ አዲስ ማማ ይተከላል፤ ከወራት በኋላ የተለካው የዚያን ቀኑን ላያሳይ ይችላል።

ጡረተኛ መርማሪ፦
ይህን መረጃ የሚያጣጥሉ ሰዎች አይመቹኝም፤ ስንት የተደበቀ ነገር አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሊባኖስ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትር ራፊቅ ሃሪሪ ቤይሩት ውስጥ በፍንዳታ ሲገደሉ፣ የፖሊስ መኮንኑ ዊሳም ኢድ የጥሪ መዝገቦችን አበጥሮ እርስ በርስ ብቻ ይደዋወሉ የነበሩ፣ ፍንዳታው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጸጥ ያሉ ስልኮችን አገኘ። እሱም በ2008 በቦምብ ተገደለ። ይሁንና ስልኮቹን ማን ይዟቸው እንደነበር ለማወቅ ማማው ብቻ አልበቃም፤ የተጠርጣሪዎቹ የግል ስልኮች ከእነሱ ጋር አብረው ሲንቀሳቀሱ መታየታቸው ነው መንገዱን የከፈተው። ያም ሆኖ ለዚህ ጉዳይ የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት በ2020 ከአራቱ ተከሳሾች ጥፋተኛ ያለው አንዱን ነበር፤ ሁለቱ የተጨመሩት በይግባኝ በ2022 ነው።

ልጄ፣ በዚያ ሰዓት ስልኩ በማን እጅ ነበር? የተደወለው ለማን ነው? የተደወለለት ሰው ከማን ጋር እንደተነጋገረ ይመስክር። ደግሞም መርማሪዎቹ ወንድምሽ ላይ እንዴት እንደደረሱ ጠይቁ። በሌላ ማስረጃ ጠርጥረውት ስልኩን ካዩ አንድ ነገር ነው። በዚያ ማማ ያለፉትን ስልኮች በሙሉ ወስደው ከመካከላቸው እሱን ከመረጡት ግን፣ ለምን እሱ እንደተመረጠ ማስረዳት አለባቸው።

የሕግ ተማሪ፦
ጡረተኛው መርማሪ የመጨረሻ ያሉት ነገር የስለላ ተቋማትንም ይመለከታል። ፖሊስ በአብዛኛው ከታወቀ ወንጀል ተነሥቶ ወደ ስልክ ይሄዳል፤ የስለላ ተቋም ደግሞ ከመረጃ ክምር ተነሥቶ ሰው ይፈልጋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የደኅንነት ኤጀንሲ የሚሊዮኖችን የጥሪ መዝገብ በጅምላ እንደሚሰበስብ እ.ኤ.አ. በ2013 በኮንትራት ይሠራለት የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን አጋልጧል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2014 የግንኙነት መረጃ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ያስገድድ የነበረውን መመሪያ ሽሮታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2018 ካርፔንተር በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ የ127 ቀናት የማማ መረጃ ያለ ፍርድ ቤት የብርበራ ፈቃድ መወሰዱን አልተቀበለም። በእናንተ አገር ማን ፈቀደ የሚለው ጥያቄ መነሣት አለበት።

የወንጀል ጠበቃ፦
እኔ ከሁሉም በፊት ጥሬውን መረጃ እጠይቃለሁ። ፍርድ ቤት የሚቀርበው ሠንጠረዥ በመርማሪው ኮምፒውተር ተቀይሮ የተዘጋጀ ነው። ዴንማርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ከስልክ ኩባንያዎች የመጣውን ጥሬ መረጃ የሚቀይረው ሶፍትዌር አንዳንድ መዝገቦችን እንደሚጥል ታወቀ፤ ከ10,000 በላይ ጉዳዮች እንደገና እንዲታዩ ተወሰነ፣ ከ30 በላይ እስረኞችም ተለቀቁ። ጠበቃችሁ ከኩባንያው የወጣውን ፋይል እንዳለ ይጠይቅ፤ የፈቃዱን ወረቀት ይጠይቅ፤ ሰዓቱ በአገሩ ሰዓት ይሁን በዓለም አቀፍ ሰዓት መመዝገቡን ያረጋግጥ። በሰዓት ልዩነት ብቻ የሚፈርስ ክስ አለ።

ታናሽ እህት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። አንድ ነገር ልጨምር። የወንድሜ ስልክ የሄደበትን መንገድ የሚመዘግብ አገልግሎት ነበረው። ቀፎው በፖሊስ እጅ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ግን አውቃለሁ። በሌላ ኮምፒውተር ገብቼ ላውጣው?

የወንጀል ጠበቃ፦
እባክዎ አይግቡ። በበጎ ልብ ቢያደርጉትም ማስረጃ ነካክተዋል የሚል ክርክር ያመጣብዎታል። ጠበቃው መረጃው ሳይነካ እንዲጠበቅ ለፍርድ ቤት ዛሬውኑ ያመልክት። የስልክ ኩባንያውንም መዝገብ ይጨምር፤ ጊዜው ሲያልፍ ይሰረዛልና፣ ከጠፋ በኋላ የሚመልሰው የለም።

የኔትወርክ መሐንዲስ፦
አንድ መንገድ ደግሞ አለ። ጓደኛው ፈቃደኛ ከሆነ፣ እቤቱ ሆኖ በሌሎች ቀናት ያደረጋቸውን ጥሪዎች ዝርዝር ከኩባንያው ያውጣ፤ የማማው መለያ ያለበት እንዲሆን ጠበቃው በፍርድ ቤት በኩል ይጠይቅለት። ሁለቱም የአንድ ኩባንያ ደንበኞች ከሆኑና የጓደኛው ስልክ ከዚያ ቤት ሆኖ በዚያው አንቴና የሚገናኝ ከሆነ፣ የቀረበባችሁ መዝገብ ወንድምሽ ካለው ጋር አይጋጭም።