ዛንዚባር ላይ ከልጅ ጋር ለመዋኘት የትኛው ዳርቻ ይሻላል?

ጥያቄ፦
በመጪው ሐምሌ ከባለቤቴና ከዘጠኝ ዓመት ልጃችን ጋር ስምንት ቀን በዛንዚባር ለማሳለፍ አስበናል። ባለቤቴ በምሥራቅ በኩል የሚገኘውን የፓጄን ዳርቻ በፎቶግራፍ ካየ ወዲህ ልቡ እዚያ ቀርቷል፤ እኔ ግን ውኃው በቀን ውስጥ ብዙ ርቀት እንደሚሸሽ ስለ ሰማሁ መዋኛ እንዳናጣ እሰጋለሁ። ስኖርክሊንግም (በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ፊትን ውኃ ውስጥ ደፍቶ መዋኘት) ሞክረን አናውቅም። ከሆቴል ውጭ የአገሬውን ምግብ የት መቅመስ እንደምንችል ጭምር ብትነግሩን ምስጋናችን የላቀ ነው።

መልስ 1፦
የሰሙት ትክክል ነው። በምሥራቅ ጠረፍ ከኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሠሩት ድንጋያማ) ግርዶሽ በስተውስጥ ያለው ባሕር ሰፊና ጥልቀት የሌለው በመሆኑ፣ ውኃው ሲጎድል አሸዋው እስከ ሩቅ ድረስ ተገልጦ ይቀራል፤ ጨረቃ በምትሞላበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ደግሞ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሙላቱ በቀን ሁለት ጊዜ የሚመጣ ሲሆን ሰዓቱ በየዕለቱ ወደ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ዛሬ ጠዋት የዋኙበት ቦታ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ደረቅ ሊሆን ይችላል። በሰሜን ጫፍ ያሉት ኑንግዊና ኬንድዋ ግን ከዳርቻው ብዙም ሳይርቁ ስለሚጠልቁ ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይዋኝባቸዋል። በዚያ ላይ በሐምሌ የሚነፍሰው ኩሲ የተባለው የደቡብ ምሥራቅ ነፋስ የሚያስቸግረው ምሥራቁን ነው፤ ፓጄ በነፋስ የሚጎተት የባሕር ስፖርት የሚወዱ ሰዎች መናኸሪያ የሆነችውም በዚሁ ምክንያት ነው። እኔ ብሆን አምስቱን ሌሊት ኬንድዋ አድር ነበር።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ ብስማማም ምሥራቁን ሙሉ በሙሉ መተው አግባብ አይመስለኝም። በጃምቢያኒና በፓጄ ውኃው ሲጎድል ሴቶች በችካልና በገመድ ተክለው የሚያለሙትን የባሕር አረም ሲሰበስቡ ማየት፣ ለልጅም ለአዋቂም ከመዋኘት የማይተናነስ ትዝታ ነው። ብቻ በባዶ እግር እንዳትሄዱ፤ በኮራሉ መካከል የሚደበቅ ረጃጅም ጥቁር እሾህ ያለው የባሕር እንስሳ አለ፤ እሾሁ ቆዳ ውስጥ ተሰብሮ ስለሚቀር ሕመሙ ቀላል አይደለም።

ስለ ስኖርክሊንግ፣ በሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ ከምትገኘው ከማቴምዌ መንደር ፊት ለፊት ያለው የምነምባ ደሴት ኮራል ዝነኛ ነው። ደሴቲቱ የግል ማረፊያ ስለሆነች መውረድ አይፈቀድም፤ በዙሪያዋ ግን በጀልባ ሄዶ መዋኘት ይቻላል። ችግሩ ረፋድ ላይ ጀልባ ይበዛባታል፤ ስለዚህ ማልዶ ከሚነሳ ጀልባ ጋር ተስማሙ። ለጀማሪ የበለጠ የምመክረው ከስቶን ታውን (ከዛንዚባር ከተማ አሮጌው ክፍል) በስተደቡብ የምትገኘውን የቹምቤን ደሴት ነው። ኮራሏ ከ1994 ጀምሮ ዓሣ ማጥመድ የተከለከለበት ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ በአየር ጋን መጥለቅም ስለማይፈቀድ ያለው አማራጭ ስኖርክሊንግ ብቻ ነው። የእንግዳው ቁጥር ውሱን ነውና አስቀድማችሁ ተመዝገቡ። ለልጁ በልኩ የሆነ መነጽር ይዛችሁ ሂዱ፤ ውኃ የሚያስገባ መነጽር የልጅን ፍላጎት በአምስት ደቂቃ ያጠፋል። ፊት ወደ ታች ተደፍቶ ሲዋኝ ፀሐይ የሚያቃጥለው ጀርባን ስለሆነ ሸሚዝ ለብሳችሁ ግቡ።

መልስ 3፦
ስለ ምግቡ እኔ ልጨምር። ስቶን ታውን ውስጥ ፎሮዳኒ በተባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ከምሽት ጀምሮ የምግብ ገበያ ይቆማል። በስሱ ሊጥ ሥጋና እንቁላል ተጠቅልሎ የሚጠበሰው «የዛንዚባር ፒዛ» ልጃችሁን ያስደስተዋል፤ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂም አለ። የባሕር ምግቡን ግን ቀድሞ የተጠበሰውን እንደገና አሙቀው ከሚያቀርቡላችሁ ይልቅ ፊታችሁ ሲጠበስ እያያችሁ ብሉ። በእኔ ግምት ከሁሉም የሚበልጠው ኡሮጆ ነው፦ እርድ ያለበት ጎምዘዝ ያለ ወፍራም ሾርባ ሆኖ ድንችና ባጂያ (ከጥራጥሬ ሊጥ የተጠበሰ ድቡልቡል) ይገባበታል፤ ከላዩም የካሳቫ ጥብስ ይነሰነስበታል። በኮኮናት ወተት የተሠራ ኦክቶፐስ ደግሞ በመንደሮቹ ትንንሽ ምግብ ቤቶች ይገኛል። ከዳርቻው ስትወጡ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ መልበስ የአካባቢው ሰው የሚጠብቀው ጨዋነት መሆኑን አትርሱ።

ጠያቂዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ኬንድዋ አምስት ሌሊት፣ ስቶን ታውን ሁለት ሌሊት ለማደር ወስነናል፤ ባለቤቴ አንዷን ቀሪ ሌሊት ለፓጄ አስፈቅዷል፤ የውኃውን ሙላት ሰዓት አስቀድሞ የማጣራቱ ኃላፊነትም የእርሱ ሆኗል።