ብራውዘር ላይ የአማርኛው ፊደል ብቻ ደቅቆ ይታያል፤ ምን ይሻላል?

የመምህሩ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጠዋት ጠዋት ዜና የሚያነቡት ከላፕቶፕ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 10፣ ብራውዘሩ ክሮም ነው። እንግሊዝኛው ደህና ይነበባል፤ አማርኛው ግን ደቃቅና ቀጭን ሆኖባቸዋል። «ሉ»ን ከ«ሊ»፣ «ሙ»ን ከ«ሚ» መለየት ሲያቅታቸው በግምት ያልፋሉ። ኮንትሮልን ይዤ የመደመር ምልክቱን ስጫን ፊደሉ ያድጋል፤ ነገር ግን ገጹ ከስክሪኑ ስለሚወጣ በየመስመሩ ወደ ቀኝና ወደ ግራ መጎተት ይመጣል። ሌላ ድረ ገጽ ሲከፍቱ ደግሞ ያው ደቃቁ ፊደል ይጠብቃቸዋል። አንዴ ተስተካክሎ የሚቀር ነገር የለም?

ወንዝ ማዶ፦
የስክሪኑን ሪዞሉሽን ዝቅ ያድርጉት። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይተልቃል።

የፊደል ገበታ፦
እኔ ይህን አልመክርም። ሪዞሉሽኑ ሲወርድ የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል። «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ቅጥያ አንዱ ላይ ወገቡ ላይ፣ ሌላው ላይ እግሩ ላይ ናት፤ እሷ ከደበዘዘች ፊደሉ ቢተልቅ ምን ይረባል? ሁሉም ነገር እንዲተልቅ ከፈለጉ በዊንዶውስ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ ውስጥ ያለውን ስኬል ከ100 ወደ 125 በመቶ ከፍ ያድርጉት።

ክሮም በኮንትሮል የሚደረገውን ማጉላት የሚያስታውሰው ለየድረ ገጹ ለብቻ ነው፤ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ያነሰው ለዚህ ነው። ኮንትሮልና ዜሮን ተጭነው ወደ ነበረበት ይመልሱትና የክሮም ሴቲንግስ፣ አፒራንስ፣ ከዚያ ከስተማይዝ ፎንትስ ይግቡ። ሁለት ተንሸራታቾች ያገኛሉ። ላይኛው የተለመደው መጠን ነው፤ ካልተነካ 16 ላይ ይቆማል። ብዙ ድረ ገጾች መጠኑን ራሳቸው ስለሚወስኑ ይህኛው አይሰማቸውም። እርስዎን የሚጠቅምዎት ታችኛው፣ ሚኒመም ፎንት ሳይዝ የሚለው ነው። 18 ወይም 20 ላይ ቢያቆሙት ማንኛውም ገጽ ከዚያ በታች አይወርድም።

የመምህሩ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! 20 ላይ አቆምኩት፤ ጎን ለጎን መጎተቱ ቀረ። አሁን የቀረን የፊደሉ ቅጥነት ነው።

ባለ መነጽር፦
እህቴ፣ ቅጥነቱ ከፎንቱ፣ ማለትም ከፊደሉ የአጣጣል ዓይነት ነው። የዊንዶውሱ ኒያላ መልኩ ያማረ ቢሆንም ለደከመ ዓይን ስስ ነው። ኢብሪማ ይሻላል፤ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ደግሞ በነፃ ይወርዳል፣ እኔ የምጠቀመው እሱን ነው። ፎንት ለመምረጥ ግን ከክሮም ይልቅ ፋየርፎክስ የሚባለው ብራውዘር ይቀላል፤ ለኢትዮጵያ ፊደል ለብቻው ቦታ አለው። ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ ፎንትስ፣ አድቫንስድ ብለው ሲገቡ ከላይ ካለው ዝርዝር ኢትዮፒክን ይምረጡና ፎንቱንም ዝቅተኛ መጠኑንም እዚያው ይሙሉ።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። ፋየርፎክስ የሚከተለው ገጹ «ቋንቋዬ ይህ ነው» ብሎ በውስጡ የጻፈውን ነው። ብዙ የአማርኛ ገጽ ሠሪዎች ደግሞ ቋንቋውን እንግሊዝኛ ብለው ይተዉታል፤ ዝርዝሩ ውስጥ ማን አይቶብን ብለው ይሆናል። ስለዚህ ዝቅተኛውን መጠን በላቲን፣ ማለትም በእንግሊዝኛው ፊደል ስርም ይሙሉት። ገጾች የራሳቸውን ፎንት እንዲመርጡ የሚፈቅደውን ሳጥን ካጠፉት ደግሞ የአባትዎ ምርጫ በሁሉም ላይ ይገዛል።

ታች አምና፦
ለረጅም ጽሑፍ ፋየርፎክስ ላይ ኤፍ 9ን ይጫኑ። ማስታወቂያው ሁሉ ተገፎ ጽሑፉ ብቻ ይቀራል፤ የፊደሉን መጠን፣ የመስመሩን ርቀት፣ የጀርባውን ቀለም እዚያው መቀየር ይቻላል። ዜናው በሚነበብበት ገጽ ላይ እንጂ በፊት ገጹ ላይ አይሠራም።

የመምህሩ ልጅ፦
ፋየርፎክስን ጫንኩ፤ ኖቶን መረጥኩ፤ ሳጥኑን አጠፋሁ። አባቴ «ይኸው ተነበበ!» ብለው ርእሶቹን ጮክ ብለው እያነበቡልኝ ነው። ነገር ግን በአንዳንድ ገጾች ላይ የፍለጋውና የማውጫው ምልክት ጠፍቶ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኗል።

ባለ መነጽር፦
ምልክቶቹም በፎንት መልክ ስለሚላኩ ነው። ሳጥኑን መልሰው ያብሩት፤ ዝቅተኛው መጠን እንደተሞላ ይቆያል። ፎንቱ የሚያስቸግራቸው ገጽ ሲገጥማቸው ኤፍ 9ን ይጫኑላቸው።