ልጄ ጫት የሚቅመው ለጥናት እንደሆነ ነገረኝ፤ ከምን ልጀምር?

የማራኪ እናት፦
የምኖረው በጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው። የ17 ዓመት ልጅ አለኝ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ባለፈው ሳምንት ፍራሹን ገልብጬ ሳጸዳ በፌስታል የተቋጠረ ገረባ፣ የለውዝ ቅርፊትና ሁለት ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አገኘሁ። ምልክቱን ቀደም ብዬ ማስተዋል ነበረብኝ። ከጥቅምት ወዲህ ማታ ያቀረብሁለት እንጀራ ጧት እንዳለ ደርቆ አገኘዋለሁ። አመሻሽ ላይ ከወትሮው በላይ ያወራል፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ሌሊቱንም ሲገላበጥ ይሰማኛል። ስጠይቀው አልካደም፤ «እማዬ፣ ለጥናት ነው፤ ጓደኞቼም የሚያጠኑት እንዲሁ ነው» አለኝ። አባቱ ይመታዋል ብዬ ስለፈራሁ እስካሁን አልነገርሁትም። በእርግጥ ለጥናት ይረዳል? ገና በማደግ ላይ ባለ ልጅ ላይስ ምን ጉዳት ያደርሳል?

የአእምሮ ጤና ነርስ፦
እህቴ፣ ልጅዎ አልዋሸዎትም፤ ለጥቂት ሰዓታት መንቃቱ እውነት ነው። በትኩስ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይመሳሰላል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማ ንጥረ ነገር ስለሚለወጥ ነው ነጋዴዎቹ በኮባ ጠቅልለው ውኃ እየረጩ የሚያቆዩት። ካቲኖን በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለው፣ ከደስታና ከመነቃቃት ስሜት ጋር የተያያዘ ኬሚካል በብዛት እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ ምርቃና የሚሉት ከዚህ የሚመጣ ነው።

ጉዳቱ ያለው ከዚያ በኋላ ባለው ሌሊት ላይ ነው። ቀን የተጠና ትምህርት የሚጸናው ሰው ሲተኛ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል፤ የእድገት ሆርሞንም በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ጊዜ ነው። ስለዚህ ጫቱ ሃያ ገጽ አስነብቦት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያነበበውን የሚያጸናበትን እንቅልፍ ነሥቶታል፣ የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶም የሚያድግበትን ራት አስቀርቶበታል። በተጨማሪ፣ ነገርን የምናመዛዝንበትና ስሜታችንን የምንገታበት የፊተኛው የአንጎል ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። ደስታን የሚሻው ክፍል ግን ቀድሞ ይነቃል፤ ፈረሱ ደርሷል፣ ልጓሙ ገና እየተሠራ ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የተጀመረ ሱስ አዋቂ ሆኖ ከተጀመረው ይልቅ ሥር የሚሰደው ስለዚህ ነው።

እኔ ብሆን ክርክሩን ከቅጠሉ ላይ አንሥቼ በእንቅልፉ ላይ አደርገው ነበር። «ጫት ተው» ሲባል የሚቆጣ ልጅ፣ «ስንት ሰዓት ተኛህ? ጧት ምን ታስታውሳለህ?» ሲባል ራሱን ይመረምራል። ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ ንጭንጭ፣ ድብርትና ዱካክ ያስቸግሩታል፤ ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ይቀንሳሉ። ጫትን የሚተካ መድኃኒት የለም፤ ዋናው ሕክምና የምክር አገልግሎት ነው። ነገር ግን ምርቃናውን ለማብረድ አረቄ መጠጣት ከጀመረ፣ ሰዎች ይከታተሉኛል ካለ፣ የሌለ ድምፅ ከሰማ ወይም ስለ ሞት ካወራ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይውሰዱት።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፦
በክፍሌ በሒሳብ የሚደነቅ ልጅ ነበረኝ። ባለፈው ዓመት የፈተና ወረቀቱን ሳርም የመጀመሪያው ገጽ እንደ ልማዱ ጥርት ያለ ነበር፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ጥያቄውን ብቻ ደግሞ ጽፎ አቁሞታል። ምን እንደሆነ ስጠይቀው «ቲቸር፣ ሳልቅም ማሰብ አልችልም» አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን የወሰዱት በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ እያደሩ ነው፤ በቅጠል ብቻ ማጥናት የለመደ ልጅ እዚያ ያለ ቅጠሉ ይቀመጣል። ይህን ለልጅዎ ቢነግሩት ከምክር ሁሉ ይልቅ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። አረቄንና ሲጋራን በሚመለከት ደግሞ፣ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ መሆኑን ወላጆች አውቀው ለሻጮች ፊት ለፊት መንገር ይገባቸዋል። እኛም መምህራን ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋውን ልጅ ገሥጸን ከማለፍ በቀር ለምን እንዳልተኛ አለመጠየቃችን ያሳዝነኛል።

ከአዘዞ፦
እናቴ፣ እኔ የጀመርሁት በ15 ዓመቴ ነው፤ አሁን 26 ሆኖኛል። ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ጓደኛዬ ቤት በርጫ እንቀመጥ ነበር፣ በኋላም ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናውን በመጠጥ ማብረድ፣ ተከተለ። አባቴ ሲያውቅ በቀበቶ መታኝ፤ ከዚያ ቀን የተማርሁት አፌን ተጉመጥምጦ መግባትን ብቻ ነው። ስለዚህ ለባልዎ ይንገሩት፣ ነገር ግን እንዳይመታው አስቀድመው ቃል ያስገቡት።

እናቴ የንስሐ አባታችንን አማክራ ጠበል አስጀመረችኝ። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ቀስቅሳ አብራኝ ትሄድ ስለነበር፣ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር። እምነቱ ያጸናኝ መሆኑ ሳይዘነጋ፣ እዚህ ላይ የተጻፈውን ስለ እንቅልፍ ሳነብ ያኔ ምን እንደተደረገልኝ ገባኝ። የቀረው ከሰዓት በኋላው ነበር፤ አጎቴ በእንጨት ሥራ ቤቱ ሰሌዳ ማለስለስ ሰጠኝ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ቅሜያለሁ፤ እናቴ ሁለቱንም ጊዜ በማግሥቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ምንም ሳትናገር ቀሰቀሰችኝ።

የማራኪ እናት፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለአባቱ ትናንት ነገርሁት፤ ረጅም ጊዜ ዝም አለና «አልመታውም» አለኝ። ማታ ሦስታችን አብረን ራት በላን። ልጄ ግማሹን ቢተወውም 3 ሰዓት ላይ መብራቱን አጠፋ። ከሰዓት በኋላውን በምን እንደምሞላለት ግን ገና አላገኘሁም። በማራኪ ወይም በፒያሳ አካባቢ ተማሪ ተቀምጦ የሚያነብበት ቦታ፣ ወይም ከትምህርት በኋላ ሙያ የሚያስለምድ ደግ ሰው የምታውቁ ብትጠቁሙኝ ነገውኑ ይዤው እሄዳለሁ።